የእማማ ጥሩ የሰም ቅቤ

እኔን እልኸኛ ናት የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። እልኸኛ ማለት ነገሩ እንደማይሆን እያወቀ የሚገፋ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ነገሩ እንደማይሆን አላውቅም ነበር። ይህን ልዩነት ለባለቤቴ ለሞላ ሁዳዴን ሙሉ ላስረዳው ሞክሬ ዛሬም አልገባውም። እስቲ እናንተ ፍረዱኝ።

ነገሩ የመጣው በአማቴ ነው። እማማ ጥሩ እዚሁ ላሊበላ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ከጥምቀት በኋላ ክፉ ሳል ይዟቸው አልጋ ላይ ከረሙ። ሳሉ ሲለቃቸው ሥጋቸውንም ይዞ ሄደ። ድሮ መቀነታቸው ወገባቸውን ዞሮ ሲያበቃ ለቋጠሮ ያህል ብቻ ነበር የሚተርፈው። ከአልጋ ተነሥተው ሲታጠቁት ግን ትርፉ ጉልበታቸው ድረስ ወረደ። ሞላ አይቶ ፊቱን አዞረ። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ነርሷ ደረታቸውን አዳመጠች፣ ክንዳቸውን ጨበጥ አድርጋ አየችና «ሳንባቸው ደህና ነው፤ አሁን መድኃኒታቸው ምግብ ነው። ስብ ያለው ለስለስ ያለ ነገር ስጧቸው፤ ቅቤ፣ ወተት» አለችን። እማማ አማተቡ። ሁዳዴ ከገባ ገና ሳምንቱ አልሞላም ነበር።

አባ ኪዳኔ የሚባሉ የንስሐ አባት አሏቸው። ነገሩን ሰምተው ቤት ድረስ መጡና «እማማ፣ የታመመ ሰው ቢበላ ኃጢአት የለበትም፤ እኔ ፈቅጃለሁ» አሏቸው። እማማ መስቀላቸውን ተሳልመው አመሰገኑ። አባ ፈቀዱ እንጂ እሳቸው ግን አልፈቀዱም። «አባቴ፣ እርስዎ ሳይወለዱ የጀመርኩትን ጾም ለሳል ብዬ ላፍርስ?» አሉ። አባ ኪዳኔ እውነትም ገና ጢማቸው በቅጡ ያልሞላ ናቸው፤ ምን ይበሉ፣ ቤቱን ባርከው ወጡ።

ዘይትስ ትሉኝ ይሆናል። ዘይት የጾም ነው፣ ስብም ነው። እኔም ብያለሁ። እማማ ግን ከዘይት ጋር የቆየ ቂም አላቸው። «ዘይት ይፈሳል። የሚፈስ ነገር አያጠግብም» ይላሉ፤ አለቀ። ገንፎ ሠርቼ መሐሉን ጎድጉጄ ዘይትና በርበሬ ባፈስበት ዳር ዳሩን በማንኪያ ጫር ጫር ያደርጉና «ጠገብኩ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። አሁን ስሙኝ፤ እማማ ጥሩ እኔ ከተዳርኩ ጀምሮ የሠራሁትን ነገር እንከን ሳያወጡለት በልተው አያውቁም። ጨው በዛ፣ ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ ወጡ ቀጠነ፣ አንቺ ልጅ የማን አገር ሙያ ነው ይሄ። ስንት ቀን ጓዳ ገብቼ በብስጭት ክዳን አጋጭቻለሁ። ከበሽታው ወዲህ ግን ምንም አይሉም። እግዜር ይስጥልኝ ብቻ። ከመቀነቱ ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። አማቴ በምግቤ ላይ እንከን ማውጣት ከተዉ ሊሄዱብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

እኔ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። በሁዳዴ ቁርስ የሚጀመረው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለሆነ ስሟ ለጊዜው አይሠራም። አንድ ቀን ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ተሳልማ የተመለሰች አንዲት ልጅ ፉል አዘዘች። ፉሉ ላይ ዘይት እያፈሰስኩ «አይ፣ ይሄ ዘይት ቅቤ ቢሆን ኖሮ» አልኩ ለራሴ። ልጅቱ ቀና ብላ «ይሆናል እኮ» አለችኝ።

ኮሌጅ ውስጥ ስለ ምግብ ማቀነባበር የምታስተምር ናት። አስረዳችኝ። የንብ ሰም በሞቀ ዘይት ውስጥ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ዓይን የማያየው መረብ ይሠራና ዘይቱን አንቆ ይይዘዋል፤ ዘይቱ መፍሰሱን ትቶ እንደ ቅቤ ይቆማል። «ኦሊዮጄል ይባላል» አለች። የፈለገውን ይባል፤ እኔ «እንደ ቅቤ ይቆማል» የሚለውን ስሰማ ልቤ ዘለለ። «ዋናው ግን» ብላ ልትቀጥል ስትል አንድ ሹፌር ሻይ ሻይ እያለ ጠረጴዛ መደብደብ ጀመረ። ሻዩን ሰጥቼው ስመለስ ልጅቱ መኪናዋ ደርሶ ሄዳለች። ዋናውን ሳልሰማ ቀረሁ። ሰው ዋናውን ሳይሰማ ሥራ አይጀምርም ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የዚያኑ ዕለት ጀመርኩ።

ሰም ከየት ይምጣ? በእኛ ቤት ሰም ማለት ጧፍ ነው። እማማ ለጸሎት የሚያበሩት አንድ እስር ጧፍ ከራስጌያቸው አለ፤ እሱን አንሥቼ በኑግ ዘይት ውስጥ አቀለጥኩት። ሰሙ ቀለጠ፣ ክሩ ቀረ። ክሩን አንድ በአንድ በሹካ ለቀምኩና የቀረውን ትኩስ ገንፎ መሐል አፈሰስኩ። እንዴት ያምር ነበር። እማማ ፊት አቀረብኩና ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ቆምኩ። የእማማ የማዕድ ጸሎት ደግሞ ጎረቤቱን፣ አገሩን፣ መንገደኛውን፣ ሙታኑን ሁሉ አዳርሶ ነው የሚያበቃው። ማንኪያቸውን ሲያነሡ ያ የሚያምር ነገር ቀዝቅዞ ገንፎው ላይ ክዳን ሆኖ ተቀምጧል። ማንኪያው ቋ አለ።

«ገንፎው ተቆልፏል» አለ ሞላ። ጥግ ሰብሮ ቀመሰና ከጥርሱ መሐል ረጅም ክር እየሳበ አወጣ። እማማ ክሩን አዩት፤ ቀጥሎ ራስጌያቸውን አዩ።

«ጧፌን ነው ያበላሽኝ?»

«ሰሙን ነው እማማ። ክሩ ሳላየው ቀርቶ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ከኩልመስክ ማር ይዞ ከመጣ ሰው ንጹሕ ሰም ገዛሁ። «ምን ልትሠሪበት ነው?» አለኝ። «ልንበላው» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና በቅጠል ትንሽ ማር ቋጥሮ ጨመረልኝ። ችግር የጸናብኝ መስሎት ነው። አመስግኜ ተቀበልኩ፤ ማር በነፃ ሲገኝ ክብሬን ልከራከርበት?

በአዲሱ ሰም ስሠራ ሰሙን ቀነስኩ። ሲቀዘቅዝ ግን አልቆም አለ፤ እንክትክቱ የወጣ ነገር ሆኖ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ደገምኩት፤ ያው። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ደንበኞች ተጣልተው ብርጭቆ ሲሰባበር ልገላግል ድስቱን ትቼ የወጣሁ ቀን ነው። ስመለስ ዘይቱ ቆሟል። ለካ የማበላሸው በማማሰሌ ነበር! በኛ አገር ማማሰያ የጣለች ሴት ሰነፍ ናት፤ ሽሮ ቢሆን፣ ገንፎ ቢሆን፣ እጅሽ አይረፍ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ስለዚህ እስኪበርድ ድረስ በሙሉ ጉልበቴ አማስለው ነበር። ሰሙ ምስኪን መረቡን ሲዘረጋ እኔ ስበጥስ፣ ሲዘረጋ ስበጥስ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድስቱን አውርጄ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ መቀመጥ ተማርኩ። በሕይወቴ እንደሱ የከበደኝ ሥራ የለም።

መቆሙንስ ቆመ። ግን የኑግ ዘይት ለብቻው ሲቆም ድርቅ ያለ ነው፤ ቢላዋ ስታስገቡበት እንደ ደረቅ ጭቃ ይሰነጠቃል፣ ቂጣ ላይ አይቀባም። የተልባ ዘይት ሞከርኩ፤ ገና እሳት ሲነካው ቤቱ ቀለም ቀለም ሸተተና ሞላ በር ከፍቶ ወጣ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ያ የሚረጋው ዘይት የሚባለው፣ ከውጭ የሚመጣው፣ ላሊበላ ብርድ ላይ በጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ደርቆ ፀሐይ ላይ የምናሰጣው አለ አይደል? ይሄማ ራሱ ግማሽ ቅቤ ነው፣ ሰም ቢጨመርበት ሙሉ ቅቤ ይሆናል ብዬ በሱ ብቻ ሠራሁ። ማታ ሲነካ አሸዋ ሆነ። በማግስቱ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ላብ ላብ አለውና ዘይቱን አለቀሰው። ሞላ በጣቱ ዝቆ ጫማው ላይ ሞከረው። ጫማው አበራ። ጎረቤቶቻችን ቀለሙን ከየት ገዛኸው እያሉ ጠየቁት፤ እሱም ሚስቴ ናት የምትሠራው ብሎ ደረቱን ነፋ። በዚያ ሁሉ ልፋቴ ያገኘሁት ምስጋና ይሄ ብቻ ነው።

«አሁንስ ተይው በቃ» አለኝ ማታ። ሳይቆጣ ነው ያለው። «እማዬ ስትፈጪ ስትቀቅዪ እያየች ጭራሽ አዘነች። ለኔ ብላ ደከመች ትላለች።»

«አዝነው ይብሉ እንጂ» አልኩት። «እስከ ፋሲካ በእግዜር ይስጥልኝ ብቻ አይደርሱም ሞላ።»

እሱም ያውቃል።

ያቺ «ዋናው ግን» ብላ የሄደች ልጅ ትዝ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው። ዋናው ምን ሊሆን ይችላል? ሰሙ አንድ ነው፣ ድስቱ አንድ ነው፣ እኔም ያው ነኝ። የሚለወጠው ዘይቱ ብቻ ነው። አንዱ ይደርቅብኛል፣ አንዱ አሸዋ ይሆንብኛል። መረቡን የሚሠራው ሰሙ ቢሆንም ምን ዓይነት መረብ እንደሚሆን የሚወስነው ዘይቱ ነው ማለት ነው። እንግዲያው ላጋባቸው አልኩ። ኑጉን አብዝቼ፣ የሚረጋውን አሳንሼ፣ ሰም ቆንጠር አድርጌ። መጀመሪያ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና እርድ ጨምሬ ዘይቱን ልክ ቅቤ እንደሚነጠር አነጠርኩት፣ አጠለልኩት፣ ሰሙን አቀለጥኩበት፣ አወረድኩት። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፈትኩ። ወለል ያለ ቢጫ። ማንኪያ ባስገባበት ሳይሰነጠቅ፣ ሳይፈስ፣ እየተጎተተ ወጣ። ብቻዬን ጓዳ ውስጥ እልል ልል ብዬ አፌን ያዝኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ትኩስ ቂጣ ላይ ቀብቼ ለእማማ አቀረብኩ። በአንድ እጃቸው ቆረስ አድርገው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ደግመው ቆረሱ። ቂጣው ግማሽ ሆነ፤ ከዚያ አለቀ። ጣታቸውን ጠረጉ። ከጥምቀት ወዲህ ሳህን ባዶ ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነው። ሞላ በር ላይ ቆሞ እያየ ነበር፣ ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

እማማ ዐይናቸውን ገለጡ። «ይሄ ቅቤ ነው» አሉ።

«አይደለም እማማ፣ ዘይት ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ቅቤ ስንጥ የኖርኩ ሴት አታሞኚኝ ልጄ። ኮረሪማውን አላውቀውም? ኮሰረቱን አላውቀውም? ነርሷ ስጧት ስላለች ሰጣችሁኝ አይደል?» አማተቡ። «አስገደፍሽኝ። በመቃብሬ አፋፍ ላይ አስገደፍሽኝ።»

አለቀሱ። እኔ ማልኩ፣ ተገዘትኩ፣ ድስቱን አምጥቼ አሳየሁ። ድስቱን ባሳየሁ ቁጥር ይበልጥ ቅቤ መሰላቸው። አባ ኪዳኔ ሳይመጡ ከእጅሽ ውሃም አልቀምስም ብለው ነጠላቸውን ተከናነቡ። ሰው የሚያውቀው ውድቀት ሥራው ሳይሳካ ሲቀር ነው። የኔ ተሳክቶ ነው የወደቀው።

በማግስቱ በጠዋት ሞላ አባን ይዞ መጣ። አባ ድስቱን አዩት፣ አሸተቱት። ይቅመሱ እንዳልላቸው እሳቸውም ጾም ላይ ናቸው፣ ሰዓቱ አልደረሰም። ደግመው አሸተቱና «ሽታውማ...» አሉ። እማማ ከነጠላቸው ውስጥ ሆነው «ሰማሽ?» አሉ።

«ሰሙስ የጾም ነው አባቴ?» አለ ሞላ፣ ለኔ ሊያግዘኝ ብሎ። አምላኬ፣ እንዲህ ያለ እገዛ አታምጣብኝ።

«ማሩን እየበላን ሰሙን ምን እንለዋለን» አሉ አባ። «ጭንቁ ሰሙ አይደለም። ልጄ፣ አሁን ፊታችን ሥሪው። እማማም ይዩ፣ እኔም ልይ።»

የከሰል ምድጃውን እማማ ክፍል አስገባሁ። የሚረጋው ዘይት አልቆብኝ ነበርና ሞላን ጋሽ ሰይድ ሱቅ ላክሁት። ሞላ የሱፍ ዘይት ይዞ መጣ። ጋሽ ሰይድ «ያኛው አልቋል፤ አብሽር በላት፣ ወላሂ ዘይት ዘይት ነው» ብለውታል። እኔም በዚያ ሁሉ ቀን ዘይት ሁሉ ዘይት እንዳልሆነ ያየሁት ሴትዮ፣ ሦስት ሰው አፍጥጦብኝ ሲጠብቅ «እውነት ነው» አልኩና ጨመርኩት።

አወረድኩ። ጠበቅን። አባ ዳዊታቸውን አወጡ። ጠበቅን። ክዳኑን ከፈትኩ፤ ልል ብሎ ይንቦጫረቃል። ሰም ጨመርኩና መልሼ ጣድኩ፤ እጄም ከጭንቀት ብዛት ማማሰያ አንሥቶ ያማስል ጀመር። አሁን ደግሞ ጓል ጓል ሆነ። ላቤ ጠብ ጠብ አለ። «እንደ ትናንቱ አይደለም» አሉ አባ በቀስታ። እኔም ያ የትናንቱ ቅቤ ነበር እንዴ ብዬ ራሴን ልጠራጠር ምንም አልቀረኝም። ግን አልተውኩትም። «እንደገና» አልኩ።

«ልጄ፣ በቃ፣ እኔ አምኜሻለሁ» አሉ አባ።

«እኔ አላመንኩም» አሉ እማማ። ነጠላቸው ተገልጧል። ተነሥተው ተቀምጠዋል። «ማማሰያውን አስቀምጪ። እጅሽ አያርፍም እንዴ?»

አስቀመጥኩ።

«እሳቱ በዝቷል። ይሄ ዘይት ቀጭን ነው፤ ውሃ ነው። ትናንት የነበረው ወፍራሙ የት ሄደ?»

«ጋሽ ሰይድ ጋ አልቋል እማማ።»

«ጋሽ ሰይድ ጋ ካለቀ አገር አለቀ? ሞላ፣ ጎረቤት ጠይቅ። ጀሪካን ፀሐይ ላይ ያሰጣ ሰው ሁሉ አለው።» ከዚያ እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። ማንም ሳይደግፋቸው ቆሙ። መቀነታቸውን አጠባብቀው ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡና ድስቱ ውስጥ አጎንብሰው አዩ። «የማን አገር ሙያ ነው ይሄ?»

ይህን ሲሉኝ እንባዬ መጣ። ጭሱ ነው አልኩ፤ ከሰሉ ግን ጭስ አልነበረውም።

ሞላ ከጎረቤት አንድ ኩባያ ይዞ መጣ። እማማ ራሳቸው ኑጉንም የሚረጋውንም እያዩ አስቀዱኝ፣ ሰሙን እያዩ አስቆረጡኝ፣ አስወረዱኝ። ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ላይ አስቀመጡት፤ ይህን እኔ አስቤው አላውቅም። እጄ ወደ ማማሰያው ሲሄድ እጄን ይመቱታል። ክዳኑን ሲከፍቱ ቆሟል፤ ከትናንቱም የለሰለሰ። በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱት፣ አባን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ዘይት ነው» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አባ ባረኩ፤ አራታችንም በላን። እማማ ሁለተኛውን ቂጣ ቆርሰው «ጨው ይጎድለዋል» አሉ። ሞላ ወደ ውጭ ወጣ፤ «ጫማዬን ልይ» ብሎ ነው። እኔ ግን ማልቀሱን አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለ እማማ ፈቃድ ድስት ተጥዶ አያውቅም። ካልቀመሱ እንዴት ይፍረዱ? ስለዚህ ይቀምሳሉ። ትናንት የተሠራውን ከዛሬው ለማስተያየት ሁለቱንም ይቀምሳሉ። ኮሰረቱ በዛ፣ ሰሙ በዛ፣ ይሄኛው ይሰነጠቃል፣ ያኛው ያልበዋል፣ የሚረጋውን ትንሽ ጨምሪበት። ክዳን እያጋጨሁ ጓዳ እገባለሁ፤ በደስታ ነው የማጋጨው። የመቀነቱ ትርፍ ከጉልበት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ እየወጣ ሆሳዕና ደረሰ።

ፋሲካ ነጋ። ከቅዳሴ ተመልሰን እማማን ከመደቡ ራስ ላይ አስቀመጥናቸው። ሞላ ለዚህ ቀን ብሎ ከገጠር ያስመጣውን እውነተኛ የላም ቅቤ በእጄ አንጥሬ፣ ትኩስ ገንፎ መሐል ጉድጓዱን ሞልቼ፣ በሁለት እጄ አቀረብኩ። እማማ ያን ሁሉ ቀን ሲጠብቁት የነበረው ቅቤ ይኸው። እኔና ሞላ ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን።

ጸልየው ጨረሱ፤ አንዴ ጎረሱ። አላመጡ። ማንኪያቸውን ቅቤው ውስጥ ከተው አወጡና ሲንጠባጠብ አዩት። ደግመው ከተቱ። ከዚያ ሳህኑን ቀስ አድርገው ወደ እኔ ገፉት።

«ይሄ ይፈሳል» አሉ። «ሰሙ አንሶታል። ድገሚው።»

ሞላ አየኝ። እኔም ተነሥቼ ምድጃውን አቀጣጠልኩ።